ለልቡ ቁጥር፣ ለአንጎሉ «ስምህ ማነው?»

የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ ለልቡ የማይደረግለት ነገር የለም። ኢሲጂ ይነሳል፣ ኢኮ ይታያል፣ ደሙ ተቀድቶ ትሮፖኒኑ ይለካል፤ የልብ ጡንቻው ምን ያህል እንደተጎዳ የሚናገር ቁጥር ፋይሉ ላይ ይሰፍራል። አንጎሉስ? «ስምህ ማነው? እጄን ጨበጥ አድርግ፤ እግርህን አንሳ።» በቃ! ስሙን ያልረሳ፣ እጅ እግሩ ያልሰነፈ ሁሉ «ደህና ነህ» ተብሎ ይሸኛል። በዚህ ዘመን ይህን ምርመራ ብሎ መጥራት ድፍረት ነው።

ባለማወቅ ነው እንዳይባል ጉዳዩ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የባይፓስ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 261 ሰዎች ተከታትለው ውጤቱን በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን አወጡ። ከሆስፒታል ሲወጡ 53 በመቶዎቹ የማስታወስና የማሰብ አቅማቸው ቀንሶ ነበር። በስድስተኛው ወር ቁጥሩ ወደ 24 በመቶ ወረደ። እፎይ ሲባል በአምስተኛው ዓመት ተመልሶ 42 በመቶ ገባ።

የእኔም አጎት ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ይመስላል። የዕቁብ ጸሐፊ ነበር፤ የማን ዕጣ መቼ እንደወጣ፣ ማን ስንት እንዳጎደለ ደብተር ሳይገልጥ ይናገር ነበር። ልቡ ተሠራለት፤ ደረጃ ሲወጣ ማለክለኩ ቀረ፣ ተመስገን። ደብተሩን ግን ለሌላ ሰው አስረከበ። ሒሳብ ይምታታበታል፣ የጀመረው ወሬ መሐል ላይ ይጠፋበታል። ቤተሰብ ሲጠይቅ ያገኘው መልስ «ዕድሜ ነው» የሚል ነበር። ዕድሜ ይሁን በቀዶው ጊዜ የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካው ማሽን በምን አወቃችሁ? ማን ለካው?

አደጋው ከየት እንደሚመጣ ሐኪሞቹ ራሳቸው አሳምረው ያውቁታል። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር፣ አኦርታ፣ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ከግድግዳው ፍርፋሪ ይነሳል። ልብ ሲከፈት የአየር አረፋ ይገባል። ደረት ውስጥ የፈሰሰው ደም ተመጥጦ ወደ ማሽኑ ሲመለስ የስብ ጠብታ ይዞ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ ከፊሉ አንጎል ይደርሳል።

«የአንጎልን ጉዳት በደም መለካት አያስተማምንም» ይሉናል። የሚነግሩን የአሮጌዎቹን መለኪያዎች ጥፋት ነው። ኤስ100ቢ የተባለው ፕሮቲን ከአንጎል ብቻ ሳይሆን ከተከፈተው ደረት ስብም ይመጣል። ኤንኤስኢ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ስላለ ማሽኑ ሕዋሱን በሰበረ ቁጥር አንጎል የተጎዳ ያስመስላል። ታዲያ ሚዛኑ ቢዋሽ ሌላ ሚዛን ይፈለጋል እንጂ ገበያ ይዘጋል? ዛሬ የአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት ሲጎዱ ወደ ደም የሚወጣው ጂኤፍኤፒ ይለካል። የነርቭ ክር ሲጎዳ የሚወጣውና ለሳምንታት ከፍ ብሎ የሚቆየው ኤንኤፍኤልም ይለካል። ጂኤፍኤፒን ከሌላ ፕሮቲን ጋር አጣምሮ የሚለካ የደም ምርመራ ጭንቅላታቸውን ለተመቱ ሰዎች እንዲውል አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቅዳለች። ኤንኤፍኤልን ዕድሜና ኩላሊት ይነኩታል፤ ልክ ነው። ትሮፖኒንንም ኩላሊት ይነካዋል፤ ትሮፖኒን ይቅር ያለ ሐኪም ግን አልሰማሁም።

«የልብ ሕመሙ ራሱ አንጎልን ይጎዳል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ቀዶ ሕክምና ያልተደረገላቸው የልብ ሕሙማንም ከዓመታት በኋላ የማስታወስ አቅማቸው ይቀንሳል። ታዲያ ይህ ከቀዶው በፊት አንድ ጊዜ፣ በኋላ ደግሞ ደጋግሞ ለመለካት ምክንያት ነው እንጂ እጅ አጣጥፎ ለመቀመጥ አይደለም። «መድኃኒት ለሌለው ነገር መለካቱ ምን ይረባል?» ለሚሉትም መልስ አለኝ። የፈሰሰውን ደም አጥቦ መመለስ፣ አኦርታን ከመቆንጠጥ በፊት በአልትራሳውንድ ማየት፣ ደረቱን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መሙላት፤ እነዚህ ሁሉ በሥራ ላይ ያሉ ዘዴዎች ናቸው። የትኛው ቡድን፣ በየትኛው ዘዴ አንጎልን የተሻለ እንዳዳነ ሳይቆጠር በምን ይታወቃል?

እኛ አገር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አሜሪካ ውስጥ ባይፓስ የሚደረግለት በአብዛኛው ሸምገል ያለ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ወረፋ የሚጠብቀው በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቩ የተበላሸ ተማሪ፣ ልጆቿን ገና ያላሳደገች እናት ናት። ቫልቭ ለመቀየር ልቡ ራሱ ይከፈታል፤ አየርም የሚገባው ያኔ ነው። አዲሶቹ ምርመራዎች ለእኛ ላቦራቶሪዎች ውድ መሆናቸውን አልክድም። የማስታወስ ፈተና ግን የሚፈልገው ወረቀትና እርሳስ ነው። በዶላር የሚያስከፍሉን የውጭ ሆስፒታሎችስ ምን ሰበብ አላቸው?

ከቀዶው በፊት አንድ ወረቀት ታስፈርሙናላችሁ፤ አደጋው ሁሉ በደቃቅ ፊደል ተዘርዝሮበታል። እኛም ሳናንገራግር እንፈርማለን። ከእንግዲህ በሽተኛውም ቤተሰቡም ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «አንጎሌን በምን ትለካላችሁ? ውጤቱንስ መቼ ትነግሩኛላችሁ?» መልስ የሌለው ሐኪም ፊርማ የመጠየቅ መብት የለውም።