ስለ ማር መሪዋ ወፍ

በችሎት ፊት ሁለት ዐይነት ሰው ይቆማል። አንዱ ያየውን የሚመሰክር ነው፤ ሁለተኛው ግን ሳያይ «ይህ ነገር ሊሆን አይችልም» እያለ የሚከራከር ነው። ዳኛው ብልህ የሆነ እንደ ሆነ የፊተኛውን ቃል ያስጽፋል፤ የኋለኛውን ግን ሰምቶ ያሰናብታል። ስለ አራዊትና ስለ አዕዋፍ ጠባይ የሚነገረውም ነገር በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናቀርበው ብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረ የአንዲት ታናሽ ወፍ ጕዳይ ነው፤ ክርክሩም የአገው ምድርን የሚነካ ስለ ሆነ አንባቢዎቻችን በደስታ ይመለከቱታል ብለን እናምናለን።

ወፊቱ ማር መሪ ትባላለች። በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ምድር በብዙ ስፍራ ትገኛለች። ርዝመቷ ከምንቃሯ እስከ ጅራቷ ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ነው፤ መልኳም ዐመድማ ቡናማ ስለ ሆነ በቅጠል መካከል ዐይን አይስብም። የወንዱ ጕሮሮ ጥቁር፥ ምንቃሩም ወደ ቀይ ዳማ የሚያደላ ነው። ስትበር ግን ከጅራቷ ግራና ቀኝ ያለው ነጭ ላባ ብልጭ ይላል። ሰው ባየች ጊዜ ቀርባ ሳታቋርጥ ትንጫጫለች፤ ጥቂት በርራም ትቀመጣለች፤ ሰውየው መከተሉን ካየች ደግሞ ወደ ፊት ትበራለች። እንዲህ እያደረገች ንብ ወደ ሰፈረበት የዛፍ ሽንቁር ወይም የድንጋይ ስንጥቅ ታደርሰዋለች። ከደረሰችም በኋላ ጩኸቷን ለውጣ ዝም ትላለች፤ በቅርብ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣም ትጠብቃለች።

ይህን ነገር ስለ አገራችን ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ጀሮኒሞ ሎቦ የሚባል የፖርቱጋል ሰው፥ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነው። በፈረንጆች ቍጥር በ1625 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ እስከ 1634 ኖረ (ከዚህ በታች የምንጽፈውም ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ቍጥር ነው)። የጕዞው መጽሐፍ በ1728 በፈረንሳይኛ፥ በ1735 ደግሞ በእንግሊዝኛ ታተመ፤ የእንግሊዝኛው ተርጓሚም ስመ ጥሩው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ሎቦ ወፊቱ ሰውን ጠርታ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየበረረች ወደ ማሩ እንደምትመራ፥ የአገሩም ሰው ማሩን በቈረጠ ጊዜ ለወፊቱ ድርሻ እንደሚተውላት ጻፈ።

ከዚህ በኋላ በ1770 የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ በአገው ምድር አልፎ ወደ ግሽ ዓባይ ደረሰ። አገው ለጎንደር ከተማ ማርና ሰም፥ ቅቤና ከብት የሚያቀርብ መሆኑን ራሱ መስክሯል። ነገር ግን በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የሎቦን ቃል አልተቀበለም። ክርክሩም ባጭሩ ይህ ነው፤ ይህን ያህል ሺሕ ቀፎ ባለበት አገር ማር ለማግኘት የወፍ መሪነት ምን ያስፈልጋል? ወፊቱስ ያገኘችውን ማር ራሷ ልትጠቀምበት ካልቻለች ይህ ዕውቀት ለምን ተሰጣት? አለ። ብሩስ በአገሩ ያየውን ቢናገር ያላዩት ሰዎች የሳቁበት፥ ሐሰተኛም ያሉት ሰው ነበረ። በእርሱ የደረሰውን ግን መልሶ በሎቦ ላይ አደረገው።

ክርክሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ብርቱ ይመስላል። ነገር ግን ማር መሪ የምትፈልገው ማሩን ሳይሆን ሰሙንና የንቡን እጭ ነው። ለብዙ ፍጥረት ሰም ምግብ አይሆንም፤ የእርሷ ሆድ ግን ሰሙን ይፈጫል። ዛፉን ለመፈልፈል ጕልበት የላትም፤ የንቡንም መንደፊያ ትፈራለች። ሰው መጥረቢያና ጢስ አለው፤ ንቡ ያለበትን ስፍራ ግን አያውቅም። አንዱ የጐደለውን ሁለተኛው ይሞላለታል ማለት ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሳያይ ወደ ወርቁ ቢሮጥ መምህሩ ይገሥጸዋል፤ ብሩስም ማሩን አየ እንጂ ሰሙን አላየም።

ነገሩን በቍጥር ያስረዱ ሊቃውንት ደግሞ በኋላ ተነሡ። ሁሴን ኢሳቅና ሃይንዝ ኡልሪሽ ራየር በሰሜን ኬንያ ከቦረና ማር ቈራጮች ጋር ብዙ ጊዜ ተመላልሰው ያገኙትን በ1989 አሳተሙ። ያለ ወፊቱ ማር ፈልጎ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅ፥ ከወፊቱ ጋር ግን 3.2 ሰዓት ብቻ እንደሚበቃ አሳዩ። ወፊቱ ካመለከተቻቸውም የንብ ቤቶች ከመቶ 96ቱ ሰው ካልከፈተላት በቀር የማትደርስባቸው ነበሩ። በ2016 ደግሞ በሞዛምቢክ የያኦ ሰዎች ከአባቶቻቸው የተማሩትን ልዩ ድምፅ ሲያሰሙ ወፊቱ ለመምራት የምትመጣበት ዕድል ከመቶ 33 ወደ ከመቶ 66 ከፍ እንደሚል ታየ።

ወፊቱን ግን ከመጠን ያለፈ አናመስግናት። ጐጆ አትሠራም፤ ዕንቍላሏን በሌላ ወፍ ሽንቁር ትጥላለች። ጫጩቷ ዐይኑ ሳይገለጥ በምንቃሩ ጫፍ ባለው ስለታም መንጠቆ የባለቤቲቱን ጫጩቶች ነክሶ ይገድላል። ልጆቻችን ይህንንም ሊያውቁት ይገባል፤ ምስክር የሚወደውን ብቻ መርጦ አይናገርምና።

ከዚህም የሚበልጥ ቁም ነገር አለ። ጫጩቱ የሚያድገው በባዕድ እናት ስለ ሆነ፥ ሰውን መምራት ከወላጁ ሊማር አይችልም፤ በተፈጥሮው ያገኘዋል። የሰው ልጅ ግን ወፊቱን መስማትና መከተል ከአባቱ ካልተማረ በቀር አያውቀውም። ስለዚህ ይህ የጥንት ስምምነት ቢፈርስ የሚፈርሰው አስቀድሞ በእኛ በኩል ነው። ሰው መከተሉን በተወባቸው አገሮችም የወፊቱ መምራት እየቀነሰ መሄዱን ተመልካቾች ጽፈዋል።

አሁን ወደ አዘና እንመለስ። አዘና በአዊ ምድር ያለች ከተማ ናት። የአዊ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ንብ አርቢ ነው፤ ብሳናውና ገተሙ፥ ግራዋውና አደይ አበባውም ለንቡ መሰማሪያ ናቸው። ነገር ግን የአገሩ የጥንት ዛፍ ዛሬ በብዛት የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥርና በወንዝ ዳር ነው። በአዊ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ለገበሬው ገንዘብ አስገኝቶለታል፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚቈረጥ ዛፍ ንብ የሚሰፍርበት ሽንቁር ሊያወጣ አይችልም። ያረጀ፥ ውስጡም የተቦረቦረ ዛፍ ለማገዶ እንጂ ለሌላ የማይረባ ይመስለናል፤ ለንቡና ለወፊቱ ግን ቤት እርሱ ነው። በአገር ግዛት ሥራ ላይ ያላችሁ ሹማምንት ዛፍ እንዲቈረጥ ስትፈቅዱ ይህን ብታስቡበት መልካም ነው።

ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁን ለዚህ ሥራ ለማስለመድ ብዙ ወጪ የለበትም። በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከዛፍ ሥር ጸጥ ብለው ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጡ። የተንጫጫችባቸውን ወፍ ድንጋይ አይወርውሩባት። ቀኑን፥ ስፍራውን፥ የወፊቱን ድምፅና የበረረችበትን አቅጣጫ በደብተር ይጻፉ፤ ያዩትን ለብቻ፥ የገመቱትንም ለብቻ ያድርጉት። ወፊቱን ለመከተል ቢወዱ ንብ የሚያውቅ ትልቅ ሰው አብሯቸው ይሂድ። ለማር ቈረጣ ጢስ ያጨሰ ሰውም እሳቱን ፈጽሞ ያጥፋ፤ ለመሪዪቱም እንደ ጥንቱ ልማድ ከሰሙ ቍራሽ ይተውላት።

በቤታችሁም ሽማግሌ ካለ፥ ማር መሪን ተከትሎ ያውቅ እንደ ሆነ፥ ምን ብሎስ ይመልስላት እንደ ነበረ ልጆቹ ዛሬ ማታ ይጠይቁትና ቃሉን ይጻፉለት። እርሱ ያየ ምስክር ነው፤ ቃሉ ሳይጻፍ ቢቀር ግን ከእርሱ በኋላ የሚመሰክር አይገኝም።