የስፖርት መኪና ጎማ ምርጫ፦ ለጁላይ ወይስ ለጃኑዋሪ?



ሰሞኑን ከዋይንላንድ ፓርክ የደረሰን ጥያቄ ከወትሮው ለየት ይላል። የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የታክስ ጉዳይ አይደለም። ጠያቂያችን በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ወጣት ሲሆን ያገለገለ ፎርድ መስታንግ ገዝቷል። በብድሩ ወረቀት ላይ እናቱም ፈርመውለታል። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ሠርቶ ሊነጋጋ ሲል ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከመኪናው ጋር የመጡት ጎማዎች ጥርሳቸው እያለቀ ስለሆነ አራት አዲስ ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅሟል። ጥያቄው አጭር ነው፦ «አስፋልት አጥብቆ የሚይዘው የትኛው ጎማ ነው?»

ስለ ስፖርት መኪና ጎማ ማውራት የጥጋብ ወሬ ነው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛ ግን እንዲያ አናየውም። በየሬስቶራንቱ፣ ይህ ጋዜጣ ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚደረገውን የመዋጮ ሣጥን ያላየ ወገን የለም። ሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ፎቶግራፍ የወጣት ሲሆን ምን እንደሚሰማም ሁላችንም እናውቃለን። ወጣቶቻችን ፈጣን መኪና አትግዙ ቢባሉ አይሰሙም። እንግዲያው የገዙትን መኪና መሬት ላይ የሚያቆየውን ነገር አብረን እንመልከት። ያ ነገር ደግሞ ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካው የአንድ ሰው መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ነው። የመስታንግ ሞተር ያን ሁሉ ጉልበት የሚያወርደው፣ ፍሬኑም መኪናውን የሚያቆመው በእነዚህ አራት መዳፎች ነው።

ወንድማችን፣ መልሳችንን በጥያቄ እንጀምር። አጥብቆ የሚይዘው መቼ? በጁላይ ቀትር ወይስ በጃኑዋሪ ሌሊት ከሀይዌይ 71 ወርደህ በኢለቨንዝ አቬኑ ወደ ቤትህ ስትገባ? ለሁለቱም አንደኛ የሚሆን ጎማ እስካሁን አልተሠራም።

እዚህ ላይ የቋንቋ ጣጣ አለ። በአገራችን ክረምት ዝናብ፣ በጋ ደግሞ ደረቅ ወቅት ነው፤ «የበጋ ጎማ» ብንል አንባቢያችን የጥር ወር ጎማ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ሰዉ እንደሚጠራው ሰመር፣ ኦል ሲዝን እና ዊንተር እያልን እንቀጥላለን።

የሰመር ጎማ የሚሠራው ሲሞቅ ለስልሶ መንገድ ላይ ከሚጣበቅ የጎማ ቅይጥ ነው። በሞቃት ቀን፣ በደረቅም ሆነ በዝናብ፣ ፍሬን ሲያዝም ሆነ በኩርባ የሚስተካከለው የለም። ቅዝቃዜው ከ45 ዲግሪ ፋራናይት (ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ) በታች ሲወርድ ግን ቅይጡ ይደርቅና መያዙን ይተዋል። በኮሎምበስ ከኖቬምበር እስከ ማርች ያሉት ወራት አማካይ ሙቀት ባብዛኛው ከዚያ በታች ነው፤ ሌሊቱ ሲታሰብማ ይብሳል። ስለዚህ አንተ በምትነዳበት ሰዓት በዓመት አምስት ወር ያህል የሰመር ጎማ ቦታው አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ጥርሱ አዲስ ነው፣ በረዶም የለም፣ መንገዱ ደረቅ ነው» ብሎ ነው። ችግሩ ከጥርሱ ሳይሆን ከጎማው ቅይጥ ነው። በደረቅ መንገድም ቢሆን የቀዘቀዘ የሰመር ጎማ ያንሸራትታል፤ በረዶ ላይ ደግሞ መኪናው መሪ እንደሌለው ይሆናል። አንዳንድ አምራቾች እንዲያውም በብርቱ ብርድ፣ 20 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢና ከዚያ በታች፣ የሰመር ጎማ ሊሰነጠቅ እንደሚችል በጽሑፍ ያስጠነቅቃሉ። ዋይንላንድ ፓርክ ውስጥ መኪናው ውጭ፣ መንገድ ዳር የሚያድር ሰው ይህን ልብ ማለት አለበት።

መስታንግ ጉልበቱን የሚያወጣው በኋላ ጎማዎቹ ስለሆነ ነገሩ ይከፋል። ቀዝቃዛ ጎማ ይዞ ነዳጅ ጫን ያደረገ ሰው፣ መኪናው በጀርባው በኩል ቀድሞት ሊዞር ይችላል።

አንድ ስብስብ ጎማ ብቻ የመግዛት አቅም ላለው ሰው የኛ ምክር ለስፖርት መኪና የተሠራ ኦል ሲዝን ነው። ተራው ኦል ሲዝን አይደለም፤ ሻጮቹ «አልትራ ሃይ ፐርፎርማንስ ኦል ሲዝን» የሚሉት ነው። የሚሽሊን ፓይለት ስፖርት ኦል ሲዝን 4 እና የኮንቲኔንታል ኤክስትሪም ኮንታክት ዲ.ደብሊው.ኤስ 06 ፕላስ ከዚህ ወገን ናቸው (ለማስታወቂያ የከፈለን የለም፤ ቢከፍሉን ደስ ይለን ነበር)። በኮንቲኔንታሉ ጥርስ ላይ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀርጸዋል፤ ለደረቅ፣ ለዝናብና ለበረዶ የቆሙ ናቸው። ጎማው እያለቀ ሲሄድ መጀመሪያ የበረዶው ፊደል ይጠፋል። ፊደሉ ከጠፋ ጎማው በረዶ ላይ እምነት አይጣልበትም ማለት ነው። ሊቅነት የማይጠይቅ ብልሃት ነው።

ኦል ሲዝን በጁላይ ከሰመር ጎማ ያንሳል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ልዩነቱ የሚታወቀው በመንገድ ላይ ልታደርገው በማይገባህ ፍጥነት ነው። ከኮሎምበስ በስተሰሜን ሌክሲንግተን አጠገብ ሚድ ኦሃዮ የሚባል የመኪና ውድድር ሜዳ አለ፤ እዚያ የሚነዳ ሰው የሰመር ጎማ ቢገዛ አንነቅፈውም። ከሥራ ወደ ቤት ለሚመላለስ ሰው ግን ትርፉ ወሬ ነው። ቶዮታና ሱባሩ አብረው የሠሩት ትንሹ የስፖርት መኪና (86 እና ቢ.አር.ዜድ የሚባሉት) በ2012 ሲወጣ፣ ከፋብሪካ የተገጠመለት ሚሽሊን ፕራይመሲ የተባለ፣ ለስፖርት መኪና ያልተሠራ ጎማ ነበር። መሐንዲሶቹ ሆን ብለው ነው ያደረጉት፤ መኪናው በመጠነኛ ፍጥነትም ነጂውን እንዲያስደስት ነው።

አቅም ካለህ ሁለት ስብስብ መያዝ ከሁሉ ይሻላል፦ ሰመር ለሙቀቱ፣ ዊንተር ለብርዱ። ዊንተር ስትገዛ በጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት እንዳለ አረጋግጥ። ባለ 19 ኢንች ቸርኬ ካለህ ለዊንተሩ ወደ 18 መውረድ ያዋጣል። ለምሳሌ 255/40R19 የሚያደርግ መስታንግ በ235/50R18 ቢቀየር የጎማው ቁመት አንድ በመቶ እንኳ አይለወጥም። ዋጋው ይቀንሳል፣ ጎኑም ወፈር ስለሚል በረዶ ሲቀልጥና መልሶ ሲረጋ በየመንገዱ የሚፈጠረውን ጉድጓድ ይችላል። ቀጭን ጎን ያለው ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሒሳቡን የሚከፍለው ቸርኬው ነው። ሆኖም የፍሬኑ አካል ትልቅ የሆነ መስታንግ 18 ላያስገባ ስለሚችል አስቀድመህ አስለካ። ሌላው ችግር ማስቀመጫ ነው። በሰፈርህ አፓርታማ ውስጥ ለአራት ጎማ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ በረንዳ ላይ መተው ደግሞ ለሌባ ማበርከት ነው። ጎማውን ለወቅቱ በክፍያ የሚያስቀምጡ ጎማ ቤቶች ስላሉ ጠይቅ።

የምንኖረው በጎማ አገር መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ከኛ የሁለት ሰዓት መንገድ የሆነችው አክሮን የዓለም የጎማ መዲና ትባል ነበር። ጉድዪር በ1898፣ ፋየርስቶን በ1900 የተቋቋሙት እዚያ ነው። (እኛ ደግሞ ጎማ የሚለውን ቃልም ሆነ ጎሚስታውን የወረስነው ከጣልያን ነው።) የፋየርስቶን ስም ግን ሌላም ነገር ያስታውሳል። በኦገስት 2000 ኩባንያው 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ፤ ጥርሱ ከአካሉ እየተላቀቀ፣ በተለይ ፎርድ ኤክስፕሎረር እየተገለበጠ ብዙ ሰው ሞቷል። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ነው ዛሬ በመኪናችን ላይ የምናየውን የጎማ ንፋስ ማስጠንቀቂያ መብራት ያመጣው፤ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም አዲስ መኪና ላይ ግዴታ ሆኗል።

በዚህ መብራት ግን አትተማመን። የሚበራው ንፋሱ ከታዘዘው 25 በመቶ ሲጎድል ነው። ቅዝቃዜው በ10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር ንፋሱ በ1 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይቀንሳል። በሴፕቴምበር 70 ዲግሪ ሳለ 32 አድርገህ የነፋኸው ጎማ በጃኑዋሪ 10 ዲግሪ ላይ ወደ 26 ይወርዳል፤ መብራቱ ግን 24 እስኪደርስ ዝም ሊል ይችላል። መለኪያ ጥቂት ዶላር ነው። የምትነፋውም በሾፌሩ በር ውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ልክ እንጂ በጎማው ጎን ላይ በተጻፈው አይደለም፤ የጎኑ ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። በዛሬው ገበያ ለ19 ኢንች ቸርኬ አራት ጥሩ ጎማ ከነማስገጠሚያው ከሺህ ዶላር ቢያልፍ አይግረምህ። በዚህ ምክንያት ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ወገናችን ብዙ ነው። የግድ ከሆነ ጥርሱን ብቻ አይተህ አትግዛ። በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብብ፤ 3519 ከሆነ በ2019 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎኑ ያበጠ፣ ወይም በጎኑ ላይ የተለጠፈ ከሆነ በነጻም ቢሰጡህ ተወው፤ ሊጠገን የሚችለው የጥርሱ መሐል ብቻ ነው። ዕድሜውን ችላ ለሚል ወጣት የምናስታውሰው ፖል ዎከርን ነው። የፋስት ኤንድ ፊውሪየስ ተዋናይ ኖቬምበር 30 ቀን 2013 በካሊፎርኒያ የሞተው ወዳጁ በሚነዳው ፖርሽ ካሬራ ጂ.ቲ ውስጥ ነበር። መርማሪዎቹ መኪናው 45 ማይል በተፈቀደበት መንገድ በሰዓት ከ80 እስከ 93 ማይል ይበር እንደነበር ገልጸዋል፤ ዋናው ምክንያት ፍጥነቱ ነው። ጎማዎቹ ግን ከዘጠኝ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ መሆናቸውንም መዝግበዋል። ያን ያህል ውድ መኪና፣ ያን ያህል ያረጀ ጎማ!

በጎኑ ላይ «ትሬድዌር» የሚል ቁጥርም ታያለህ። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ለስላሳ ነው፣ ቶሎም ያልቃል፤ ለውድድር ሜዳ የሚገዙት 200 ገደማ፣ ከላይ የጠቀስናቸው ኦል ሲዝኖች ከ500 በላይ ናቸው። ደረጃውን የሚሰጡት አምራቾቹ ራሳቸው ስለሆኑ የአንዱን ኩባንያ ከሌላው ጋር ስታወዳድር ብዙ አትመነው።

ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ከደረሰ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። ከፊት ይሁኑልኝ የሚል ሰው ብዙ ነው፤ መሪው ያለው ከፊት ስለሆነ ነው የሚያስበው። ነገር ግን በዝናብ ፊቱ ቢንሸራተት እግርህን ከነዳጁ አንስተህ ልትመልሰው ትችላለህ፤ ኋላው ከሄደ ግን የምታውቀው ከዞርክ በኋላ ነው። እንደ ኒሳን 350ዜድ የኋላ ጎማው ከፊቱ የሚሰፋ መኪና ያላችሁ ደግሞ ፊትና ኋላውን ማለዋወጥ ስለማትችሉ፣ የኋለኞቹ ቀድመው እንደሚያልቁ ከወዲሁ አስቡበት።

ስለዚህ ወንድማችን፣ ላንተ ሥራና ሰዓት ኦል ሲዝኑን ግዛ፤ በረዶው ከበድ ባለበት ሌሊት ደግሞ መስታንጉን አቁመህ ከሥራ ባልደረባህ ጋር ሂድ። ጎማዎቹን ያስገጠምክ ዕለት ለእናትህ ልታሳይ ፍጥነት እንዳትሞክር። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ያሙለጨልጫል፤ እስኪፋቅ ድረስ የመጀመሪያዎቹን 500 ማይል ያህል በእርጋታ ንዳ። ከ50 ማይል በኋላም ተመለስና የቸርኬውን ብሎኖች ጎሚስታው መልሶ ያጥብቅልህ።