"የኛ ሰው የለበትም እንዴ?"

 

የክረምት ስፖርት በቴሌቪዥን ሲጀመር ብዙ ቤት የሚሆነውን አውቀዋለሁ። ልጆች ሶፋው ላይ ተደርድረው ያያሉ፤ አባት ደግሞ "ደጅ ያለው በረዶ አልበቃ ብሏችሁ ነው?" እያለ ሪሞቱን ይፈልጋል። (ክረምት ሲባል ዝናብና ጭቃ ለሚታየን ሰዎች ስሙ ራሱ ግራ ያጋባል።) ከዚያ አንዱ ልጅ ይጠይቃል፦ "የኛ ሰው የለበትም እንዴ?"

ነበረበት እንጂ! ሮቤል ተክለማርያም ይባላል። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የሄደ፣ ስኪ የተማረውም እዚያው ኒውዮርክ ግዛት፣ ሌክ ፕላሲድ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ቡድኑ እሱ ብቻ ነበር፤ ባንዲራ ያዡም እሱ፣ ተወዳዳሪውም እሱ። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ 93ኛ ሆነ።

"83ኛማ ምኑ ይወራል?" የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን እከራከራለሁ። የኖርዌይ ልጅ መራመድ እንደጀመረ ነው ስኪ እግሩ ላይ የሚታሰርለት። ሮቤል ለመወዳደር መጀመሪያ አገሩ የስኪ ፌዴሬሽን እንዲኖራት ማድረግ ነበረበት። በረዶ በሌለበት አገርም ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ነበር የሚለማመደው። ደግሞም፣ ይቺን ሹክ ልበላችሁ፣ ቱሪን ላይ ኬንያዊውን ፊሊፕ ቦይትን ቀድሞታል። የ10 ሺህ ሜትሩ ፉክክራችን በረዶ ላይም አልቀረልንም!

ጎረቤቶቻችንም አሉበት። ካናዳ የተወለደው ሻነን አበዳ በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ በቁልቁለት ስኪ ኤርትራን ወክሎ ገብቷል፤ ለአገሪቱ የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ተወዳዳሪ ነው።

ለወላጆች የምለው ይሄን ነው፦ የአትሌቲክስ ሩጫ እያየ ያደገ ሰው አገር አቋራጭ ስኪን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። ስሙም አገር አቋራጭ ነው! በጅምላ የሚነሱበት ውድድር ላይ መሪው ንፋሱን ይሰብራል፤ ብልጡ ከኋላው ተደብቆ ጉልበቱን ይቆጥባል። ከዚያ ቀነኒሳ ደወል ሲሰማ ያደርግ የነበረውን ታውቁ የለ? የኖርዌዩ ዮሃንስ ክሌቦም እንደዚያው ነው። የመጨረሻው ዳገት ላይ ስኪው እግሩ ላይ እንዳለ ቃል በቃል ይሮጣል። በ2025 የዓለም ሻምፒዮና፣ በገዛ ከተማው ትሮንዳይም፣ የተወዳደረባቸውን ስድስቱንም ወርቅ ጠራርጎ ወስዷል። እንዲህ ሲበዛ ለኔ ትንሽ ይሰለቸኛል፤ ልጆቹ ግን አይሰማሙም።

አንድ በአንድ እየተነሱ የሚሄዱበት ውድድርም አለ። እዚያ ላይ ፊት ያለውን ሰው ሳይሆን በስክሪኑ ጥግ ያለችውን ሰዓት ተመልከቱ፤ የሚፎካከሩት ከእሷ ጋር ነው።

ሴቶቹን አትለፏቸው። ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከሚኒሶታ የወጣችው ጄሲ ዲጊንስ በ2018 ከኪካን ራንዳል ጋር በቡድን ስፕሪንት የተወዳደረችውን ፈልጋችሁ እዩ። መጨረሻው ላይ ስዊድናዊቷን ስትቀድማት ልዩነቱ 0.19 ሰከንድ ብቻ ነበር። ለአሜሪካ በአገር አቋራጭ ስኪ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ነው። ራንዳል ያኔ የልጅ እናት ነበረች፤ ይሄንን ለእናቶች ብዬ ነው። ዲጊንስ በ2022 ቤጂንግ ላይ ደግሞ፣ ምግብ መርዟት ታማ በተነሳች ማግስት ማለት ይቻላል፣ 30 ኪሎ ሜትር ሄዳ ብር አምጥታለች። ጨርሳ በረዶው ላይ ስትወድቅ እኔም ሶፋው ላይ ነበር የወደቅሁት።

ልጆች፣ አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ገቡ ብላችሁ ቻናል እንዳትቀይሩ። በ1998 ናጋኖ ላይ ያ ኬንያዊ ቦይት፣ በረዶ ካየ ብዙም ሳይቆይ፣ በ10 ኪሎ ሜትር የመጨረሻው ሆኖ ገባ። ወርቁን የወሰደው ታላቁ ኖርዌያዊ ቢዮርን ዴሊ ግን አልሄደም ነበር። መጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ጠብቆ አቀፈው። ቦይት በኋላ ልጅ ሲወልድ ስሙን ዴሊ አለው።