ሰሊጥ ወይስ ማሽላ?

የመኸር ትርፍ የሚወሰነው በሰኔ፣ ዘር ስንመርጥ ነው። በቋራዋ ገለጉና በመተማ ቆላ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይዘራሉ። ሰሊጥ ከ90 እስከ 120 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ወደ ውጭ ስለሚላክም ጥሬ ገንዘብ ያስገኛል። ታዲያ መሬታችንን በሙሉ ሰሊጥ ብንዘራው ምናለ?

ሰሊጥ ችኩል ሰብል ነው። ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ሲደርስ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ የፍሬው መያዣ ደርቆ ከተሰነጠቀ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። የሁሉም እርሻ በአንድ ሰሞን አጫጅ ስለሚፈልግ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይንራል። ለአጫጅ የተበደረ ቤተሰብም ዋጋው በወረደበት ቀን ለመሸጥ ይገደዳል። ማሽላ ግን በገበያ ዝቅ ቢልም ቤት ያበላል፤ አገዳውም ለከብት ይሆናል።

እንግዲህ ባልና ሚስት፣ ልጆችም ጭምር፣ ከሰኔ በፊት ተቀምጠን ሦስት ነገር እንቁጠር፦ የዓመት ቀለባችንን፣ ያለንን የአጫጅ እጅ፣ ያለብንን ዕዳ። ለቀለብ የሚበቃው ማሽላ መሬቱን አስቀድሞ ይያዝ፤ ሰሊጡ በተረፈው ይዘራ፣ ያውም አጭደን በምንጨርሰው ልክ። በከርሞው ቦታ ቢለዋወጡ ለመሬቱም ይበጃል። ትርፍ ማለት ዕዳ ተከፍሎ፣ ጎተራ ሞልቶ የሚተርፈው ነውና።