ነፋሱም የእኛ፣ ጭሱም የእኛ

አዳማ ውስጥ ነፋስ ብርቅ አይደለም። በበጋ አቧራውን አንስቶ ያሰጣነው ልብስ ላይ ያራግፈዋል፣ የቆርቆሮውን በር ሲደበድብ ያመሻል። ይህን ነፋስ መንግሥትም አልናቀውም። ከከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የቆሙትን ነጫጭ ተርባይኖች ያላየ የአዳማ ልጅ የለም። በ2004 ዓ.ም. የተጠናቀቁት 34ቱ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቁት 102ቱ ደግሞ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉ ናቸው። በሌላው ወገን ቆቃ አለ፤ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አዋሽን ይዞ የተቀመጠ ግድብ። ወደ ባቱ ስትወርዱ ደግሞ አሉቶ ላንጋኖ ላይ ከመሬት ሆድ እንፋሎት እየተሳበ ኃይል ሊሆን ጉድጓድ ከተቆፈረለት ዘመናት አልፈዋል።

እንግዲህ ነፋሱም፣ ውሃውም፣ እንፋሎቱም በዙሪያችን ነው። መሃል ላይ ያለነው እኛ ግን ሊጥ ይዘን ቆመናል። መብራት የለም።

በበዓል ዋዜማ የሆነውን እንንገራችሁ። ሊጡ አብሲት ተጥሎለት ኩፍ ብሏል። የመብራቱ ምጣድ ተሰክቶ ግሏል። ሁለት እንጀራ እንደወጣ መብራቱ እልም! «አሁን ይመጣል» ተባለ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እኛ መብራቱን ጠበቅን፣ ሊጡ ግን እኛን አልጠበቀንም፤ ኩፍ ያለ ሊጥ «በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት» የሚባል ነገር አይገባውም። በመጨረሻ እማዬ ጓሮ ሄዳ ሦስት ጉልቻ ላይ የሸክላውን ምጣድ ጣደች፤ ቅጠሉን፣ ጭራሮውን፣ ሰጋቱራውን ማግዳ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ሠላሳ እንጀራ ጋገረች። አንዱ ዘመዳችን ሶፋ ላይ ተዘርግቶ ከመጀመሪያው ጉርሻ በኋላ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የጭስ እንጀራማ ጣዕሙ ሌላ ነው!»

የዛሬው ጽሑፋችን ለእኚህ ሰውና ለመሰሎቻቸው ነው። የምንለውም አጭር ነው። መብራት እንደዚህ እስከሆነ ድረስ እያንዳንዱ ቤት ሁለተኛ ምጣድ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ምጣድ የእናቶቻችን ዓይንና ሳንባ መሆኑ ይብቃ። አቅም ያለው ቤት ደጅ የሚቀመጥ የጋዝ ምጣድ ይግዛ፤ ሲገዛም የሚመርጠው የሚጋግረው ሰው ይሁን።

መጀመሪያ ለመብራቱ ምጣድ ፍትሐዊ እንሁን። መብራት ሲኖር እሱን የሚያክል የለም። ጭስ የለው፣ አመድ የለው። ችግሩ ሆዳም ነው። አንድ የቤት ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር መሆኑ ነው። በዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲሰካ መስመሩ ይዝላል። «መብራት አለ፣ ኃይል ግን የለውም» የምትለዋ የእናቶች አባባል ፊዚክስ እንደሆነች ስንቶቻችን አውቀን ይሆን? የምጣዱ ሙቀት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ በካሬ ነው የሚወርደው። 220 የነበረው 180 ቮልት ሲሆን ቮልቴጁ የቀነሰው አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፣ ሙቀቱ ግን በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። አምፖሉ ስለበራ አባወራው መብራት ያለ ይመስለዋል። ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ ግን ዓይን ማውጣት ትቶ ሊጥ እንደሆነ ቀርቷል። ከዚያ ማን ይወቀሳል? «ዛሬ ምነው ሊጡ ቀጠነ?» ትባላለች ጋጋሪዋ።

አገሩ እኮ ኃይል አጥቶ አይደለም። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ ከደሃው ኪስ ጭምር የተዋጣበት ግድብ። እኛም አዋጥተናል፣ እኛም አጨብጭበናል። ኤሌክትሪክ ለጎረቤት አገሮች ተሽጧል፣ ኮምፒውተር ደርድረው ቢትኮይን ለሚያመርቱም ተሽጧል። ይሸጥ፣ ዶላር ያስፈልጋል፤ አልተቃወምንም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ፤ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው ተባለ። ጎሽ! ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። መኪናው ከጭስ ነፃ ሲወጣ እማዬ መቼ ነው ነፃ የምትወጣው? ግድብ መገንባት አንድ ነገር ነው፤ ከግድቡ እስከ ጓዳ ያለው ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና ምሰሶ ሌላ ነገር ነው። ሪባን የሚቆረጠው ለመጀመሪያው ነው፤ ለሰፈር ትራንስፎርመር ሪባን ሲቆረጥ አይተን አናውቅም።

ሽቦው እስኪስተካከል የምናነደው ምንድን ነው? ከባቱ በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ አድርጋችሁ፣ ላንጋኖን በግራ ትታችሁ፣ ወደ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ የሄዳችሁ ጊዜ መንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያ ቆጥራችሁት ታውቃላችሁ? ያ የስምጥ ሸለቆ ግራር ነው። የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ግራር ሳይቀር በምሣር ሲያልቅ የኖረው ለእኛ ለከተሜዎቹ ወጥና ቡና ነው። ከሰሉ ለወጡ፣ እንጨቱ ለእንጀራው። ቅዳሜና እሑድ ላንጋኖ ሄደን ዛፍ ሥር ፎቶ እንነሣለን፤ ስንመለስ ዛፉን በማዳበሪያ ጭነን እንመጣለን።

ጭሱስ? የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ምግብ ማብሰያ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በዓለም ላይ ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል። ከምድጃው ሥር የሚውለው ማን እንደሆነ ልንነግራችሁ አያስፈልግም። የሶፋው ዘመዳችን «ጣዕም» የሚሉት ይህን ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ፤ ሰምተናቸዋልና።

«የጋዝ እንጀራ አይጣፍጥም።» እንጀራ የሚጣፍጠው በጤፉ፣ በእርሾው፣ በአብሲቱና በጋጋሪዋ እጅ ነው። ዓይን የሚያወጣው ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚያገኘው እኩል ሙቀትና በአክንባሎው የታፈነው እንፋሎት ነው። ምጣዱ ከሥሩ የሚነደው እንጨት ይሁን ጋዝ አያውቅም። ኦሮሞ እናቶቻችን ኤሌ የሚሉት፣ እኛ ምጣድ የምንለው ሸክላ የሚያውቀው ሙቀትን ብቻ ነው።

«ጋዝ ይፈነዳል።» ጋዝ መከበር አለበት፣ እውነት ነው። የቡታ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈተልክ ወደ ላይ አይበንም፣ ወለል ላይ ይተኛል። በተዘጋ ጓዳ ውስጥ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ለዚህ ነው እኛም ደጅ ይሁን የምንለው። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ የሚገድል መሆኑን የሚያውቅ አገር ጋዝን ብቻ የሚፈራበት ምክንያት ግን አይገባንም።

«ውድ ነው።» ይህኛው ቁም ነገር ነው። ጋዙ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ነው፤ አንዳንዴም ሲሊንደር ይዞ ሰልፍ አለ። ስለዚህ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ኪሎ ቡታ ጋዝ ወደ 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ይይዛል። የመብራቱ ምጣድ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ጋዝ ላይ ግማሹ ሙቀት በጎን ያመልጣል ብንል እንኳ አንድ ጋገራ ከአንድ ኪሎ ብዙም አያልፍም። የ12.5 ኪሎ ሲሊንደር በእኛ ግምት አሥር፣ አሥራ አንድ ጋገራ ያወጣል። መብራት ሲጠፋ ብቻ ለምትጠቀም ቤት ይህ ወራት ነው። በሱ ፈንታ የሚገዛውን እንጨት፣ የተበላሸውን ሊጥና ከሱቅ የሚመጣውን እንጀራ ደምሩበት። የሳሎኑ ቴሌቪዥን ሲገዛ ይህን ያህል ሒሳብ ተሠርቶ ነበር እንዴ? ለጋዝ አቅሙ የሌለውስ? በሲሚንቶና በገለባ ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ እሱም ቢሆን ከጉልቻው እጅግ ይሻላል።

እሺ ካላችሁ አመራረጡን እንንገራችሁ፤ እኛ ከስሮ የተማረ ወገን ነንና። መጀመሪያ የገዛነው ቀጭን የብረት ምጣድ ነበር። ሻጩ «ቶሎ ይግላል» አለን፣ አልዋሸም። መሃሉ አረረ፣ ዳሩ ሊጥ ሆኖ ቀረ። ብረት ቶሎ ግሎ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ሸክላ ቀስ ብሎ ይግላል፣ የያዘውን ሙቀት ግን አይለቅም። በዩቲዩብ የምታዩት የአሜሪካኖቹ የጓሮ ጋዝ ምጣድ ለጥብስና ለእንቁላል የተሠራ አራት ማዕዘን ብረት ነው፤ በየማቃጠያው ትይዩ እየጋለ በመሃሉ ይቀዘቅዛል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን እንኳ ለእንጀራ የሚመርጡት ክቡን ነው፤ ኖርዌጂያኖች ለፍሴ የሚሉትን ስስ ቂጣቸውን የሚጋግሩበትን የኤሌክትሪክ ምጣድ ለእንጀራ ያዋሉት ብዙዎች ናቸው።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ቀለሙን ተዉና ከሥር እዩ። እሳቱ መሃል ላይ ብቻ ከሆነ አትግዙ። ቢያንስ ሁለት ቀለበት ያለው፣ የውጪው ቀለበት እስከ ምጣዱ ዳር የሚጠጋ፣ ለየብቻቸው የሚከፈቱ ይሁን። ሸክላው ስንጥቅ እንዳይኖረው በጣታችሁ አንኳኩት፤ ድምፁ ጥርት ይበል። እግሩ ሙሉ ምጣድና አክንባሎ ተሸክሞ የማይነቃነቅ ይሁን። ቁመቱን የሚለካው የሚጋግረው ሰው ወገብ ነው፤ እሷን ይዛችሁ ካልሄዳችሁ አትግዙ። አባወራው ለብቻው ሄዶ ያመጣው ምጣድ ጎረቤት እንዲያየው እንጂ እንዲጋገርበት የተገዛ አይደለም።

አጠቃቀሙም ቀላል ነው። አዲሱን ሸክላ እንደ ወጉ በጎመን ዘር አሟሹት። እሳቱን በትንሹ ጀምሩ፤ ቀዝቃዛ ሸክላ ላይ ሙሉ ነበልባል መልቀቅ ምጣዱን ለሁለት መክፈል ነው። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ቱቦው ከእሳቱ ሥር አይለፍ። መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ እየወጣ ነው፣ ክብሪት አትጫሩ። ሲያልቅ መጀመሪያ የሚዘጋው ሲሊንደሩ ነው።

እና ነፋሱ! አዳማ ላይ የጋዝ ምጣድ ጠላት ነፋስ ነው። ነበልባሉን ወደ አንድ ጎን ያጋድመዋል፣ ያጠፋዋል፤ ጋዙ ግን መውጣቱን አያቆምም። ስለዚህ ግንብ ተገን አድርጉ፤ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ቆርቆሮ አቁሙ፣ ሌላውን ወገን ክፍት ተዉ። ዙሪያውን ከዘጋችሁት ደጅ ወጣን ብላችሁ ሌላ ጓዳ ሠራችሁ ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ ኮረብታው ላይ ተርባይን የሚያዞረው ነፋስ እዚህ መጥቶ ምጣዳችንን ያጠፋብናል!

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ «ደጁ የት አለ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እነዚያ ብሎኮች ሲሠሩ ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የጋራ ማብሰያ ቤት ታስቦላቸው ነበር። የእናንተ ዛሬ ምን ሆኗል? መጋዘን? የተከራየ ሱቅ? የነዋሪዎች ኮሚቴው ስብሰባ ላይ እጅ አውጥታችሁ ጠይቁ።

ከመንግሥት የምንፈልገውም ተራራ አይደለም። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ሊጥ ከመቦካቱ በፊት ይንገረን። ታሪፉ ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ከፍለናል፤ ትራንስፎርመሩም ደረጃ በደረጃ ይጨምርልን። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የኦጋዴን ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲመረቅ ብዙ ሰው «ሲሊንደር ሊረክስ ነው» ብሎ ነበር። ያኛው ሚቴን ነው፣ ሲሊንደራችን ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን፤ አንዱ በሌላው ዕቃ አይገባም። ታዲያ ለጓዳ የታሰበው ምንድን ነው? ለፋብሪካ የሚሆነውን ሰምተናል፣ የእማዬን ድርሻ ግን አልሰማንም።

አባቶች «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ይላሉ። ምጣዱ እንዳይሰበር ብለን ብዙ አሳልፈናል፤ የጠፋውን መብራት፣ ያለቀውን ግራር፣ የሶፋውን ዘመድ አስተያየት። አይጧ ግን አላለፈችም፣ ምጣዱ ላይ ጎጆ ሠርታለች። የሚቀጥለው በዓል ሳይደርስ ቤተሰብ ሰብስባችሁ ስለ ሁለተኛው ምጣድ ተነጋገሩ። የመጀመሪያው ተናጋሪም የሚጋግረው ሰው ይሁን።

ቸር ይግጠመን።