የፒያሳ ፍርስራሽ በማን ደጅ ይደፋ?





እኔ በአራዳ አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የማስተምር ሰው ነኝ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል የፒያሳ አሮጌ ቤቶች መፍረስ በጀመሩ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ የሚነጋገረው ስለ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው የሚነሣው ነዋሪ የት ይገባል የሚለው ነው፤ ሁለተኛው በቦታው ምን ይሠራል የሚለው ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሦስተኛውን ጥያቄ ግን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነበር፤ ይኸውም የፈረሰው ቤት ራሱ የት ይሄዳል የሚለው ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስም ነገሩ እንዲሁ ሆነ።

ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው በክፍል ውስጥ ነው። አንድ ተማሪ ገልባጭ መኪናዎቹ ሲመላለሱ በመስኮት እያየ፣ «መምህር፣ አንድ ቤት ስንት መኪና ይሞላል?» አለኝ። የዕለቱን ትምህርት አቆይተን በሰሌዳ ላይ አሰላነው። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር፣ የግንቡ ውፍረት ግማሽ ሜትር የሆነ የድንጋይ ቤት፣ በርና መስኮቱ ሳይቀነስ 42 ሜትር ኩብ ግንብ አለው። ግንብ ሲፈርስ ደግሞ በመካከሉ ክፍተት ስለሚገባ መጠኑ ይጨምራል፤ ስለዚህ ወደ 60 ሜትር ኩብ ይደርሳል። 16 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገልባጭ መኪና አራት ጊዜ መመላለስ አለበት ማለት ነው። ይህም ጣሪያው፣ ወለሉና መሠረቱ ሳይቆጠር፣ ለአንድ አነስተኛ ቤት ብቻ ነው። ልጆቹ ይህን ባዩ ጊዜ ዝም አሉ፤ ምክንያቱም የፈረሱትን ቤቶች በዓይናቸው ያዩአቸው ነበርና።

እርግጥ ሁሉም ነገር አይጣልም። ቆርቆሮውን፣ ብረቱን፣ በሩንና መስኮቱን ቁራሌውና የምናለሽ ተራ ነጋዴ ሳይጠሩ መጥተው ይወስዱታል። ደህና ተጠርቦ የነበረ ድንጋይም ገዢ አያጣም። የሚቀረው ማንም የማይፈልገው ነው፤ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ፣ የተሰባበረ ኮንክሪት፣ ልስንና የጡብ ስብርባሪ። ይህን የሚያነሣ ሰው ለማንሣቱ ይከፈለዋል፤ የት እንደ ደፋው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የለም። እኔ በምኖርበት ሰፈር አንድ ሌሊት የመኪና ድምፅ ሰምቼ ነበር፤ ጠዋት ስንነሣ በወንዙ ዳር አንድ ሙሉ ጭነት ፍርስራሽ ተደፍቶ አገኘን። ክረምት ሲገባ ወንዙ በፍርስራሹ ምክንያት ጠብቦ ወደ ሰው አጥር ወጣ። መኪናው የማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ወደ ቆሼ ይሂድ የሚል ቢኖር፣ ቆሼን የሚያውቅ ሰው ይህን አይልም። ረጲ ያለው ይህ ቦታ የከተማውን ጥራጊ ከ50 ዓመት በላይ ሲሸከም ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቁልሉ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በተከመረ ነገር ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው የተመረቀው ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ፋብሪካም ለዚህ አይረዳም፤ ጭቃና ኮንክሪት አይነድምና።

እንግዲህ ከከተማው መውጣት አለበት። እዚህ ላይ ነው ባቡር የሚታሰበው። ሰው በመጀመሪያ ትዝ የሚለው ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ሥር የሚያልፈው የከተማው ቀላል ባቡር ነው። ይህ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ለመንገደኛ ተብሎ ነው፤ ጭነት የሚነሣበትና የሚራገፍበት ሥፍራ የለውም፤ ባቡሮቹም በመለዋወጫ እጦት እየቆሙ ለመንገደኛው ራሱ ሳይበቁ ቀርተዋል። የስዊስ ከተማ ዙሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የቤት ውስጥ ትልልቅ ውዳቂ ዕቃ በትራም መሰብሰብ ጀምራለች። ይህ ግን አሮጌ ወንበርና አልጋ ለማንሣት እንጂ የፈረሰ ሠፈር ለማጓጓዝ አይደለም።

ሁለተኛው ባቡር ግን ሊታሰብበት ይገባል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የምድር ባቡር ከተማችንን እንዳሳደገ ሁላችን እናውቃለን፤ የብረቱ፣ የመስተዋቱና የፋብሪካው ዕቃ ከጂቡቲ የመጣው በእርሱ ነው። እርሱን የተካው የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የጭነት ጣቢያውም በእንዶዴ ነው። አገራችን ከምትልከው ይልቅ የምታስመጣው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ሞልተው ከጂቡቲ ከሚመጡት ፉርጎዎች ብዙዎቹ ባዶአቸውን ይመለሳሉ። ባዶም ሆነ ሙሉ ባቡሩ መሄዱ አይቀርም፤ ኃይሉም፣ የሾፌሩም ደመወዝ ይወጣል።

ይህንንም ከተማሪዎቼ ጋር አስልተነዋል። አንድ ፉርጎ 60 ቶን ቢጭን፣ ባለ 30 ፉርጎ ባቡር 1,800 ቶን ያነሣል። ገልባጭ መኪና 20 ቶን ቢጭን ይህ የ90 መኪና ጭነት ነው። ቀደም ብዬ የተናገርኩት ቤት ወደ 90 ቶን ስለሚመዝን፣ አንድ ባቡር ሃያ ያህል ቤት ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

ነገር ግን ተማሪን ማታለል ስለማይገባ፣ የሚቃወመውንም ሒሳብ አሳይቻቸዋለሁ። ከፒያሳ እስከ እንዶዴ ሐዲድ የለም፤ ስለዚህ ፍርስራሹ በመጀመሪያ በመኪና መሄዱ፣ ከዚያ ወደ ባቡር መገልበጡ፣ በመጨረሻም እንደ ገና መራገፉ አይቀርም። ለቅርብ መንገድ ይህ ሁሉ ኪሣራ ነው፤ ባቡር የሚያዋጣው ጭነቱ ሲበዛና መንገዱ ሲርቅ ነው። ከባዶዎቹ ፉርጎዎች ብዙዎቹም ለኮንቴይነር የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ ክፍት የብረት ሣጥን ካልተዘጋጀላቸው ልቅ አፈር አይዙም። ስለዚህ ባቡር ለሁሉ መድኃኒት ነው አልልም።

ሌሎች ይህን አድርገውታል። በ1937 ዓ.ም. የአውሮፓው ጦርነት ሲያበቃ፣ የጀርመን ከተሞች ፍርስራሻቸውን ያወጡት በየመንገዱ ጊዜያዊ ትንንሽ ሐዲድ እየዘረጉ ነው፤ በርሊን በፍርስራሿ ተራራ ሠርታ ዛፍ ተክላበታለች። የለንደን ከተማም ለአዲሱ የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ስታስቆፍር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2012 እስከ 2015 ከ3 ሚሊዮን ቶን በላይ አፈር ወደ ዎላሲ ደሴት ልካለች። ከዚያ ከፊሉ በባቡር ወደ ወደብ፣ ከወደቡም በመርከብ ሄዶ ለወፎች መኖሪያ የሚሆን ረግረግ ተሠራበት። በለንደን ከመጫኑ በፊት የሚወርድበት ቦታና የሚሰጠው ጥቅም ታውቆ ነበር።

የእኛ ችግር እዚህ ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፍቶ፣ የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ተቃወሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራው ቆመ። ገበሬዎቹ የከተማው ጥራጊ በማሳቸው አጠገብ ሲወርድ ሽታው ለእነርሱ፣ ንጽሕናው ለእኛ መሆኑን አይተው ነበር። መኪናዎቹም እንደ ገና ወደ ቆሼ ተመለሱ፤ በማግሥቱ ዓመት ቁልሉ ተናደ። ቤቱን ጠርጎ ጥራጊውን በጎረቤት ደጅ የደፋ ሰው፣ ነፋስ በተነሣ ጊዜ መልሶ ይቀበለዋል። ባቡር ከመኪና ይልቅ እሩቅ ስለሚወስድ፣ ካልተጠነቀቅን የጎረቤትን ደጅ ከዓይናችን የማራቂያ መሣሪያ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ይህን የሚያነቡ በየመሥሪያ ቤቱ ውል የሚያዘጋጁና የሚፈርሙ ወንድሞቼና እኅቶቼ የሚከተለውን እንዲያስቡበት እለምናለሁ።

በመጀመሪያ፣ በማንኛውም የማፍረሻ ውል ላይ ፍርስራሹ የሚደፋበት ቦታ በስም ይጻፍ፤ ተቀባዩም ስንት ቶን እንደ ተረከበ የሚያሳይ ደረሰኝ ሳይቀርብ ክፍያ አይፈጸም። ሌሊት ወንዝ ዳር የሚደፋ መኪና ደረሰኝ ሊያመጣ አይችልም።

ሁለተኛ፣ ፍርስራሹ ከመጫኑ በፊት እዚያው ይለይ። ድንጋዩ ለአጥርና ለንጣፍ፣ የተፈጨው ኮንክሪት ለመንገድ መደልደያ ይውላል። ጣሪያው አስቤስቶስ ያለበት እንደ ሆነ ብቻውን ተጠቅልሎ ይነሣ፤ ብናኙ በሰው ሳንባ ይቀራልና።

ሦስተኛ፣ ከዚህ የተረፈው በባዶ ተመላሽ ባቡር ለሙከራ ይላክ፤ የሚሄድበትም ድንጋይ ወጥቶለት ጉድጓድ ሆኖ የቀረ የካባ ሥፍራ ይሁን። የአካባቢው ሰው አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ጉድጓዱ ከተሞላ በኋላ መሬቱ የእርሱ የእርሻ ወይም የዛፍ ቦታ እንደሚሆን በጽሑፍ ይሰጠው። እምቢ ካለ ባቡሩ አይሂድበት።

በፒያሳ የነበሩት ቤቶች ሰው ወልደው ያሳደጉ፣ ለብዙ ትውልድ ጥላ የሆኑ ነበሩ። ቢያንስ አፈራቸው ለሌላ ሰው መከራ እንዳይሆን ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው። ያ ተማሪዬ ሒሳቡን ካሰላ በኋላ፣ «ታዲያ አራቱ መኪና የት ሄደ?» ብሎ ጠይቆኛል። እኔ መልስ አልነበረኝም። ደረሰኙን የሚፈርመው ሰው ግን ሊመልስለት ይችላል።


አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአራዳ