«የሰው ውል ልላክ ወይስ ዝም ልበል?»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 23 ነው። የምሠራው በአንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የምንጠቀመው በነፃ የሚገኘውን ሊብሬ ኦፊስ ነው። አንድ ደንበኛ በፍላሽ ያመጣውን 64 ገጽ የአማርኛ ውል ወደ ፒዲኤፍ ልቀይር ስል ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ይዘጋል። ጓደኛዬ «ፋይሉን ለሠሪዎቹ ላኪላቸው፤ በማሽን እየፈተኑ ያስተካክሉታል፤ አንቺም በጎ ፈቃደኛ ሆንሽ ማለት ነው» አለኝ። መርዳቱን እወዳለሁ፤ ግን የሰው ውል ነው። ምን ይሻለኛል?

ሁለት ልብ ነኝ፤ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህታችን፤ መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርሽ። ውሉን እንዳለ አትላኪ! ከሊብሬ ኦፊስ የስህተት መዝገብ ጋር የሚያያዝ ፋይል ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም አውርዶ ያነበዋል። የተዋዋዮቹ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የብሩ መጠን አደባባይ ወጣ ማለት ነው። «ደንበኛው ቢፈቅድስ?» ትዪኝ ይሆናል። ውል የሁለት ሰው ነው፤ ሌላኛው ወገን መች ተጠየቀ?

ጓደኛሽ ግን አልዋሸሽም። እ.ኤ.አ. በ1988 ባርተን ሚለር የተባሉ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህር በአንድ ዝናባማ ማታ በስልክ መስመር ኮምፒውተር ላይ ሲሠሩ፣ መስመሩ የተዛቡ ፊደላት እየጨመረ ፕሮግራሞችን ይጥልባቸው ነበር። እሳቸውም ተማሪዎቻቸው ይህንኑ ሆን ብለው እንዲሞክሩት አደረጉ። ውጤቱ በ1990 ሲታተም፣ ከተፈተኑት የዩኒክስ ፕሮግራሞች ከ25 እስከ 33 በመቶው ወድቀው ተገኙ። ዛሬ ይህን ዓይነቱን ፈተና የሚሠራው ማሽን ነው። ሊብሬ ኦፊስም ተጠቃሚዎች ከስህተት መዝገብ ጋር ያያያዟቸውን በጣም ብዙ ሰነዶች በማሽን እየከፈተና ወደ ሌላ ዓይነት ፋይል እየቀየረ፣ የሚጥለውን ይለያል።

ታዲያ ያንቺ ቦታ እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ የሚፈትነው የተሰጠውን ብቻ ነው። የአማርኛ ሰነድ ካልሰጠነው የአማርኛውን ጣጣ ከየት ያውቃል? ስለዚህ ምስጢር የሌለበት፣ ግን ያንኑ ችግር የሚያመጣ ትንሽ ፋይል አዘጋጂለት።

አንደኛ፣ ዋናውን ሳትነኪ ኮፒ አድርጊ። ከኮፒው ግማሹን ገጽ አጥፊና ሞክሪ። አሁንም ከዘጋ፣ ችግሩ በቀረው ግማሽ ውስጥ አለ፤ ካልዘጋ ያጠፋሽውን ግማሽ መልሰሽ ያዢ። እንዲህ እያልሽ 64 ገጹን በስድስት ሙከራ ወደ አንድ ገጽ ልታወርጂው ትችያለሽ። ሁለቱም ግማሽ ለየብቻ ካልዘጋ ደግሞ ትንሽ ትንሽ እየቀነስሽ ሞክሪ።

ሁለተኛ፣ በቀረው ገጽ ላይ ስምና ቁጥሩን ሁሉ አውጥተሽ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብለሽ ተኪ። ወደ እንግሊዝኛ ፊደል እንዳትቀይሪው፤ ችግሩ ከግዕዙ ፊደል ጋር የተያያዘ ከሆነ አብሮ ይጠፋል። በፋይሉ መግለጫ ውስጥ የተደበቀ የጸሐፊ ስም፣ የዳር አስተያየትና የተሰረዘ ጽሑፍም እንዳይቀር። ፎቶና ማኅተምም እንዲሁ። ከዚያ አሁንም ይዘጋ እንደሆነ ደግመሽ ፈትኚ።

ሦስተኛ፣ አዲሱን የሊብሬ ኦፊስ እትም ጭነሽ ሞክሪ፤ ምናልባት ተስተካክሎ ይሆናል። ካልሆነ፣ ከአንቺ በፊት ሌላ ሰው አመልክቶ እንደሆነ መዝገቡን ፈልጊ። ስትጽፊ «አይሠራም» ብቻ ብለሽ አትተይው። የትኛው እትም እንደሆነ፣ ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ፣ የትኛው ፎንት፣ ምን ነክተሽ ምን እንደሆነ በተራ በተራ አስቀምጪ። ያንቺ ፋይል አንዴ ከተያያዘ በኋላ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ እየተደጋገመ ሊፈተን ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከማታውቂው ሰው የመጣ አጠራጣሪ ፋይል ፕሮግራሙን ከጣለው፣ ነገሩ የደህንነት ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው በአደባባዩ መዝገብ አይለጠፍም፤ ለደህንነት ቡድናቸው በምስጢር ነው የሚነገረው።

እንግዲህ እህቴ፣ ለዚህ ሥራ የፕሮግራም ባለሙያ መሆን አያስፈልግሽም፤ ትዕግሥትና ንጹሕ ፋይል ይበቃል። የደንበኛሽን አደራ ግን ቀድመሽ ጠብቂ። መልካም ሥራ!